ከማክሰኝት እስከ ደቅ፦ የእህቴ የጧት ጠብታ

ይህን የምጽፈው ወደ ደቅ ለማትሄዱ የማክሰኝት ጎረቤቶቼ ነው። ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁም የሚታየውን ነገር አስቀድሜ አላበላሽባችሁም፤ እኔም ብዙውን አላየሁትም። ከዚህ በፊት ወደዚያች የጣና ደሴት የተሻገርሁት አንዴ ለሠርግ፣ አንዴ ለለቅሶ ነበር። የአሁኑ ግን ለአንድ ዓይን ነው።

ዓይኑ የታላቅ እህቴ የእትዬ ጥሩነሽ ነው። ደቅ ላይ ገበሬ አግብታ እዚያው የቀረች ናት። ግራ ዓይኗን የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ወስዶባታል። ይህ በሽታ ጨዋ ሌባ ነው፤ አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። የሚያዩትን ነገር ከዳር ወደ መሐል ጥቂት በጥቂት እያጠበበ ይመጣና ሰው ሲነቃ ዓይኑ ሄዷል። የሄደው ደግሞ አይመለስም። የቀረውን ቀኝ ዓይኗን ለመጠበቅ ጧትና ማታ የምትጨምረው ጠብታ ታዞላት ነበር።

ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ባሕር ዳር የምትሠራው ልጇ ሙሉ ደወለችልኝ።

«ሐኪሙ ግፊቱ ጭራሽ ብሷል አለን። እማዬ ደግሞ አንድም ቀን አላቋረጥሁም ብላ ትምላለች። መድኃኒቱ ካልሠራ ቀዶ ጥገና ነው፤ ያውም በቀረው ዓይን! እትዬ ወርቄ፣ እባክዎ እርስዎ ሄደው ይዩልን። እኔ ልጇ ስለሆንኩ አትሰማኝም።»

እኔ የተመረጥሁት የዓይኔ ሞራ ተገፎልኝ መነጽር ስለማደርግ ነው። በቤታችን አንድ ጊዜ የታመመ ሰው የዚያ በሽታ ሊቅ ይሆናል። ጨጓራዬን ባመመኝ ዘመን የጨጓራ፣ ጉልበቴን ባመመኝ ዘመን የጉልበት አዋቂ ሆኜ አገልግያለሁ።

ሰኞ ጧት ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ለእህቴ ዓይን ጉዳይ ነው» ማለቴ ስሕተት ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሰውዬ መድኃኒቱ የአራስ ወተት መሆኑን፣ አራሷም የበኩር ልጇን የምታጠባ መሆን እንዳለባት ነገሩኝ። ሾፌሩ የዳማከሴ ጭማቂ እንድታንጠባጥብ ፊቱን ወደኛ አዙሮ መከረኝ፤ መንገዱን ቢያይልን ለሁላችንም ዓይን የተሻለ ነበር። ዝናቡ መስኮቱን እየመታ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ደግሞ «ጣጣው ፀሐይ ነው እማማ፣ እንደዚህ ያለ ይግዙላት» አለኝ። ስለ ወተቱና ስለ ቅጠሉ በማግስቱ አንዲት ነርስ ጠይቄ ነበር። በጭማቂ ብሌናቸው ቆስሎ የሚመጡት ሰዎች ጥቂት እንዳልሆኑ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ግን ሁሉንም አመሰገንሁ።

ቀጥሎ የመነጽሬ ተራ ሆነ።

«እስቲ ልሞክራት» አለች አጠገቤ ያለችው ሴት፤ አውልቃም ወሰደችው። «ኧረ ጉድ! ደብተራው ሁሉ የሚያነበው በዚህ ነው ለካ።» ወደ ኋላ አቀበለች። በመነጽሬ ያላየ ተሳፋሪ አልቀረም። ለአንዱ አገሩ ሰፋ፣ ለሌላው ራሱን አዞረው። አንዲት አሮጊት «እንደኔ ያለ ነው፣ ምንም አያሳይም» ብለው አጣጣሉት።

እንፍራዝ ስንደርስ ኬላው ላይ አስወረዱን። ፈታሹ መታወቂያዬን አየ፤ ፊቴን አየ፤ እንደገና መታወቂያዬን አየ።

«እማማ፣ ፎቶው ላይ መነጽር አለ። እርስዎ ላይ የለም።»

«እየመጣ ነው» አልሁት።

መነጽሬ ከአሮጊቷ ፊት ወርዶ በሰው እጅ እየተቀባበለ መጣ፤ አንድ እግሩ ግን ጎብጦ ነበር። ስለዚህ አዲስ ዘመንንና ወረታን ያየኋቸው ትንሽ ዘንበል ብለው ነው። የፎገራ የሩዝ ማሳ ዘንበል ብሎም አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ ውኃ እርሻ ላይ ሲተኛ እናለቅሳለን፤ እነርሱ ውኃው ውስጥ ቆመው ይተክላሉ።

የሙሉ ቤት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ነው። ባሕር ዳር የማክሰኝት ሰው አንገቱን የሚያዞርባት ከተማ ናት። እኛ ጋ ሰው መንገድ መካከል ቆሞ ቢጨዋወት መኪናው ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ እዚያ ባጃጁ ሰዎቹን ዞሯቸው ያልፋል፣ ሰዎቹም ወሬያቸውን አያቋርጡም። ሙሉ አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እርሷና ባሏ መሬት ላይ አነጠፉ። ብከራከርም አልሰሙኝም። ባሏ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ትሑት ሰው ነው፤ የጎበጠውን የመነጽሬን እግር በጥፍሩ ቀና አደረገልኝ።

ማታ ዓሣ ጥብስ ቀረበ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ?» አልሁ።

«ዓሣ እኮ ነው፣ እትዬ ወርቄ። ሥጋ አይደለም። እዚህ ሁሉም ይበላል።»

እኛ በጾም ዓሣ አንበላም፤ ዓሣው ስለማይደርሰን መሆኑን ግን ያን ማታ ነው ያስተዋልሁት። ሽሮ ሠራችልኝ። የእኔን ዓሣ ባሏ እንዳላፍር ብሎ በላልኝ፤ ደግነቱን አልረሳም።

ማክሰኞ ወደ ዓይን ክሊኒኩ ሄድሁ። ግድግዳው ላይ ጣት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያሳዩ የሚመልሱት የምልክት ሰሌዳ አለ። ተራ ስንጠብቅ ሁላችንም የፊተኛውን መልስ ስለምንሰማ ቅደም ተከተሉን በቃላችን ይዘነዋል። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ነርሷ ገና ዱላዋን ሳታነሣ «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች» ብለው ጨረሱ። «አባባ፣ ገና አላሳየሁዎትም» አለቻቸው። «ታዲያ ምን አደከመሽ? አውቄዋለሁ» አሏት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

«እናቴ፣ ከሁለት አንዱ ነው» አለኝ። «ወይ መድኃኒቱ ዓይናቸው ውስጥ አልገባም፣ ወይ ገብቶ አልሠራም። ብልቃጡ በወሩ ልክ ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ገብቷል እላለሁ። ገብቶ ካልሠራ ደግሞ ግፊቱን በቀዶ ጥገና ማውረድ አለብኝ። ያላቸው እሱ አንድ ዓይን ነው። ሳላረጋግጥ መንካት አልፈልግም።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ሲጨምሩ ቆመው ይዩልኝ። ጾሙ ሲፈታም ይዘዋቸው ይምጡ፤ ያን ጊዜ እንወስናለን።»

አዲስ ብልቃጥ ይዤ ወጣሁ። ትልቅነቱ አውራ ጣቴን አያህልም።

ረቡዕ ወደ ደቅ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርሁ። ጀልባው እህል፣ ጨው፣ የለስላሳ ሣጥንና ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ይጭናል። ነጂው ኑሩ ይባላል፤ አባቱና አያቱ በሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ነሐሴ ላይ ጣና ቡና ዓይነት መልክ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እኔም መልኬ ተለወጠ።

«አይፍሩ እናቴ፣ ይቺ ጀልባ ሰው ጥላ አታውቅም» አለ ኑሩ።

«ሰው አልጣለችም ወይስ የጣለችው ተመልሶ አልተናገረም?»

ሳቀና ጥግ ያለውን የእህል ጆንያ እንድደገፍ አመቻቸልኝ፤ የራሱንም ካፖርት አለበሰኝ። «እኛ ለፍልሰታና ለሁዳዴ ነው ወዳጅ የምናፈራው» ይላል። «የባሕር ዳር ሰው ሲጾም ዓሣችን ይፈለጋል። ሲፈስክ መንገድ ላይ ሰላም አይለንም።» ይህን ለእህቴ እንዳይነግራት ለመንሁት።

ደቅ ላይ ስወርድ አንድም ጥሩንባ አልሰማሁም። ማክሰኝት ገበያ ቀን አጠገብ ያለ ሰው የሚለው አይሰማም፤ እዚህ ማዶ የሚተክዝ ሰው ይሰማል። እትዬ ጥሩነሽ ቤቷን ዘግታ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለች ትንሽ ጎጆ ሱባዔ ገብታ ነበር። አብረዋት ያሉት ሱባዔተኞች እግሬን አጠቡኝ፣ ምርጥ ያሉትን አሹቅም አቀረቡልኝ። አሹቅ የተነፈረ ባቄላ ነው። ጥርስ ላለው ሰው ጥሩ ምግብ ይመስለኛል።

በዚያ ምሽት እህቴ መድኃኒቱን ስትጨምር አየሁ። እጇን በሳሙና ታጠበች። ቀና ብላ የታችኛውን ቆብ ሳበችና አንዲት ጠብታ ጣለች፤ የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍቷን እንኳ አልነካም። እኔ ሞራዬ በተገፈፈ ጊዜ ግማሹን ጉንጬ ላይ ነበር የማፈሰው። ከዚያ የተሻለ አጨማመር የለም። ይህ ደግሞ መጥፎ ወሬ ነበር፤ መድኃኒቱ በደንብ ከገባ ሐኪሙ መቅደዱ ነው።

ሐሙስ ጧት እህቴ ተነሥታ ጸለየች፤ ነጠላዋን አጣፍታም ወደ ቤተ መቅደሱ ልትሄድ ተነሣች።

«እትዬ፣ ጠብታውስ?»

«የምን ጠብታ?»

«የጧቱ።»

ቅቤ ቅመሺ ያልኋት ይመስል አየችኝ። «ምን ነካሽ ወርቄ? ጾም እኮ ነው።»

«በዓይን የሚጾም የት አለ?»

«በዓይን ገብቶ በጉሮሮ ይወርዳል። ይመረኛል። የመረረኝን ነገር አልቀመስሁም ልበል? ለዚያውም ልቆርብ?»

ይህን የተናገረችው ሌላ ክርክር እንደማያስፈልግ አውቃ ነው። ሄደች። እኔም ከኋላዋ ሄድሁ፤ ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስኪያልቅ ስቆም የጧቱ ጠብታ የት እንደሚሄድ አስብ ነበር። ብልቃጡ በወሩ ልክ ያልቃል ተብያለሁና።

መልሱን ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘሁት። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰልፏል። መጀመሪያ እማሆይ ወለተ ማርያም ቀረቡ። እኚህ መነኩሲት የዓይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን እየወጋ ስለሚያሠቃያቸው ወረንጦ ከአንገታቸው አይለይም፤ በየጊዜው ይነቅሉታል፣ በየጊዜው ይበቅላል። «ያቀዘቅዝልኛል» አሉ፤ ጠብ ተደረገላቸው። ቀጥለው አያ አለነ መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራው ነጭ ሆኖ ይታያል። «ዛሬ ብርሃን ጨመረልኝ» አሉ፤ ይህን ያሉት ግድግዳውን እያዩ ነው። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ አንድ ጎልማሳ ቀረበ።

«አንተንስ ምን ነክቶህ ነው?» አልሁት።

«ምንም። ለጥንቃቄ ነው።»

ሰዎቹ ሲሄዱ እህቴን ጠየቅኋት።

«የጧቱን ታዲያ ልድፋው?» አለችኝ። «ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ይጨመር አለ። ሁለት ጊዜ ይጨመራል። የማታው ለእኔ፣ የጧቱ ለጎረቤት። አንድም ቀን አላቋረጥሁም ብዬ ስምል ዋሸሁ?»

አልዋሸችም። ብልቃጡም በወሩ ልክ አለቀ። ሐኪሙም ትክክል አሰበ። ሁሉም ሰው ሥራውን በደንብ እየሠራ አንድ ዓይን ሊጠፋ ነበር።

«ጾም ባልሆነ ጊዜስ ጧት ትጨምሪያለሽ?» ብዬ ጾም ያልሆነ ጧት አብረን ፈለግን። ረቡዕና ዓርብ አለ። ቅዳሜና እሑድ ታስቀድሳለች። ከታዘዙት አጽዋማት ላይ የጽጌን ጾም በፈቃዷ ጨምራለች። የቀረው ጥቂት ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዚያም በዓለ ሃምሳ ነው።

«በዓለ ሃምሳማ» አለች፣ «ጎረቤቱ ከለመደ በኋላ እንዴት እነፍገዋለሁ?»

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ የንስሐ አባቷን ፈልጌ አመጣሁ። ደግ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ ጥሩነሽ፣ መድኃኒት ጾም አይገድፍም። ለታመመማ ምግቡም ይፈቀዳል። ጨምሪ» ብለው መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«አባ ርኅሩኅ ናቸው» አለች እህቴ እሳቸው ከራቁ በኋላ። «ለአያ አለነም እርጎ ፈቅደዋል። እሳቸውን ብቻ ከሰማን በዚህ ደሴት የሚጾም ሰው አይኖርም።»

«ካህኑን ካልሰማሽ ማንን ልትሰሚ ነው?»

«ጉሮሮዬን። እሱ አይዋሸኝም።»

የልጇን ዓሣ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ዓይን ለማዳን ሌላ ጠብ መጀመር አልፈለግሁምና ዋጥሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኔትወርክ የሚገኝበት ዋርካ አለ፤ ሰዎች ሥሩ ቆመው ወደ ቅርንጫፉ እየጮኹ ያወራሉ። እኔም እዚያ ቆሜ ወደ ክሊኒኩ ደወልሁ። ያች የምልክት ሰሌዳውን የምታሳየው ነርስ አነሣችው። ከጾሙ ጀምሬ እስከ ጎረቤቱ ነገርኋት።

«ለሌላ ሰው ማካፈሉን ዛሬውኑ ያቁሙ» አለችኝ። «ያ መድኃኒት ልብ ወይም አስም ላለበት ሰው አደጋ ነው፤ የሌላው ሰው ዓይን ሕመምም በእሱ አይድንም። ምሬቱ ግን ቀላል ነው። ጠብ ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዓይንና አፍንጫ የሚገናኙበትን ጥግ በጣታቸው ጫን አድርገው ትንሽ ይቆዩ። ወደ ጉሮሮ የሚወርደው በዚያ ነው፤ ሲዘጋ አይወርድም። መድኃኒቱም ዓይን ውስጥ ይቆያል።»

«ይህ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረንም?»

«ማንም መረረኝ አላለን፣ እማማ።»

ይህን ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኋት። እርሷም ቅዳሴው ካለቀ፣ እህልም ከተፈቀደ በኋላ እንሞክረው አለች፤ ቢመራትም የሚጎድል ነገር እንዳይኖር ነው። የዓይን አዋቂ ነኝ ብዬ ይህን እኔ ማሰብ ነበረብኝ። ትንሽ ይቆዩ የተባለውን በሰዓት ሳይሆን በጸሎት ለካችው። ጠብታው ገባ፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጥጉን ያዘች፣ አቡነ ዘበሰማያትን እየደጋገመች አደረሰች። ሁለታችንም ጠበቅን። ምራቋን ዋጠች፤ እንደገና ዋጠች።

«አልመረረኝም» አለች።

«እልል በይ እንግዲህ።»

«ካልመረረ ታዲያ በምን አውቃለሁ መሥራቱን?»

ያን ምሽት ቂም ይዤ ተኛሁ ብል አልዋሸሁም።

ቅዳሜ ጧት ስትነሣ ሰማኋት፤ ምንም ላለማለት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ ነበር። ጸሎቷን ጨረሰች። ውኃ ሲንቆረቆር፣ ከዚያም ሳሙናው ሰሐኑን ሲነካ ሰማሁ።

«ወርቄ፣ ተነሺ። እንዳልተኛሽ አውቃለሁ። ጣትሽን አምጪ፤ ጥጉን አንቺ ያዥልኝ፣ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ማታ ሲጨምር ያየሁት እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር። ታጥቤ የዓይኗን ጥግ ያዝሁ። የደም ሥሯ ሲመታ ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ከልጅነታችን ወዲህ ፊቷን ነክቼ አላውቅም። ጸሎቱን እንደ ወትሮው በፍጥነት ሳይሆን ቃል በቃል አደረሰችው። ከዚያ ምራቋን ዋጠች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ሄደች፤ በማግስቱ እሑድም ቆረበች።

ከጾሙ የከበደው ሰልፉ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ እህቴ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ሐኪም ከልክሎኛል» አለች።

«ሰስተሽ ነው እንጂ!» አሉ አያ አለነ። «እኔ ብርሃን ሊሆንልኝ ሲል?»

እማሆይ ወረንጧቸውን አውጥተው ተመለሱ። ያ ወረንጦ ከስድብ ይብሳል። በቀሩት የጾም ቀናት ወደ ጎጆዋ የሚመጣው አሹቅ ቀነሰ፤ ለእኔ ጥርስ በጎ ሆነ፣ እርሷ ግን ታዝን ነበር። ጧት ጧት ጥጉን እይዝላታለሁ፤ ማታ ራሷ ትጨምራለች። ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፦ ስለ ማክሰኝት ገበያ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች፣ ስለ ዝናቡ።

ጾሙ ተፈትቶ ጀልባው በመጣ ጧት ወደቡ ላይ እህቴን አጣኋት። ኑሩ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ከላይ መጣች፤ እማሆይንና አያ አለነን ግራና ቀኝ ይዛለች።

«እነዚህስ?» አልሁ።

«ጠብታውን ማካፈል ክልክል ነው ተባልሁ» አለች። «ሐኪሙን ማካፈል ግን ማንም አልከለከለኝም።»

«እኔንም ለጥንቃቄ!» እያለ ያ ጎልማሳ ከኋላ ይሮጣል። ኑሩ ቦታ የለም ብሎ መለሰው።

በዚያች ሌሊት የሙሉ ባል ሌላ ፍራሽ ከጎረቤት ተበድሮ አነጠፈ። እራት ላይ ዶሮ እንጂ ዓሣ አልቀረበም፤ ሙሉና እኔ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ በላን።

በማግስቱ ክሊኒኩ ገባን። ሐኪሙ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደገፈና ለካ። ወደ ጽሑፉ አየ። እንደገና ለካ። ሙሉ ከጎኔ ሆና እጄን ያዘች፤ እኔም አላስለቀቅኋትም።

«ወርዷል» አለ። «በደንብ ወርዷል። ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ ይኸው ጠብታ ይበቃል። ግን እናቴ፣ ዕድሜ ልክ ነው። ጧትም ማታም፣ ጾምም ይሁን ፍስክ። በየጊዜውም እየመጡ ይለካሉ።»

ሙሉ አለቀሰች። እኔ ተመስገን አልሁ። እህቴ ያላት ዓይን ሳይቀደድ የቀረላት መሆኑን የሰማች አትመስልም ነበር፤ አገጯን ከመሣሪያው አንሥታ ወደ በሩ ዞረች።

«እማሆይ፣ ይግቡ» አለች ከወንበሩ እየተነሣች። «ይቀመጡ፤ ወንበሩ ሞቋል።»